ጥቁር የተቀቡት ገጾች

ትናንት ማታ «ሱዙሜ»ን አየሁት። ማኮቶ ሺንካይ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የጃፓን አኒሜሽን ነው። ያዩት ሁሉ ስለ ሰማዩና ስለ ደመናው ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። እውነት ነው፣ ያምራል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው።

ሱዙሜ የ17 ዓመት ተማሪ ናት፤ ኪዩሹ ደሴት ላይ፣ ሚያዛኪ ውስጥ፣ ከአክስቷ ከታማኪ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ፍርስራሽ መሀል ብቻውን የቆመ በር ታገኛለች። እንዲህ ካሉ በሮች ግዙፍ ትል እየወጣ ምድርን ያናውጣል፤ ሶታ የሚባል ወጣት ደግሞ እየዞረ ይዘጋቸዋል። አንዲት ተናጋሪ ድመት ሶታን ባለ ሦስት እግር የልጅ ወንበር ታደርገውና ጉዞው ይጀመራል። (የፍቅር ታሪኩ ግማሽ ከወንበር ጋር ነው፤ ስቄ ሳልጨርስ አሳመነኝ።) በሩን ለመቆለፍ ጉልበት ብቻ አይበቃም። ዓይን ጨፍኖ፣ ድሮ እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ድምፅ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ የሚታየው ያኔ ነው።

ጉዞው ወደ ሰሜን ነው፤ በኤሂሜ፣ በኮቤ፣ በቶኪዮ አድርጎ። ኮቤ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1923 በመሬት መንቀጥቀጥ የወደሙ ከተሞች ናቸው። ስልኮች ሁሉ አንድ ላይ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲያሰሙ ልቤ ዘለለ። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማባቸው ሌሊቶች የእኛም ስልክ ይጮህ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን «ተሰማሽ?» የሚል ዘመድ።

መድረሻው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ነው። በዚያ ቀን መጠኑ 9.0 የተለካ መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን መትቶ ከ18,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ደብዛው ጠፍቷል። የሱዙሜ እናት ነርስ ነበረች። ልጅቷ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። አድጋ ስትመለስ፣ የፈረሰው ቤታቸው ግቢ ቆፍራ የልጅነት የቀን ማስታወሻዋን ታወጣለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥዕል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ጥቁር ብቻ። ቀጣዩም ጥቁር፣ የሚቀጥለውም። በየቀኑ እናቷን ፍለጋ ወጥታ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ጠይቃ፣ ማታ መጥታ ገጹን በክሬዮን ትደፍነው ነበር።

እኛ መርዶ እናውቃለን። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ለልጅ ግን በር የሚያንኳኳ የለም። እኔ የተነገረኝ «እናትሽ ዓረብ አገር ሄዳለች» ተብሎ ነው። ጫማ እንደምትልክልኝ ለሰፈር ልጆች ስጎርር ትልልቆቹ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። የዞረው ፊታቸው ዛሬም ትዝ ይለኛል።

እቴቴ ሽንኩርቷን ይዛ አጠገቤ የተቀመጠችው ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የእናቴ ታናሽ። ታማኪና ሱዙሜ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በዝናብ፣ ሲጯጯሁ «ምን ተባባሉ?» አለችኝ። ላሳጥረው ሞከርኩ።

«ሳትቆርጪ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ታማኪ አንቺን ሳሳድግ ወጣትነቴ አለፈ፣ ዕድሜዬን መልሺልኝ ትላለች። ልጅቷም ነይ ልጄ ሁኚ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እኔ አልለመንኩሽም ብላ ትመልሳለች። ፊልሙ ቃሉን ያናገራት የገባባት መንፈስ እንደሆነ ያሳያል፤ በኋላ ግን ታማኪ ራሷ፣ ሱዙሜን በብስክሌት አፈናጣ ስትሄድ፣ ያልኩትን አስቤው አውቃለሁ፣ ግን ያሰብኩት እሱን ብቻ አይደለም ትላታለች። ከትሉም ከአስማቱም ይልቅ ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ጋ ነው። እናቷ እንኳ ከሞት ተመልሳ አታጽናናትም፤ ያቺን የአራት ዓመት ልጅ አግኝታ የምታባብላት ያደገችው ሱዙሜ ራሷ ናት። እናትየዋ ብትመጣ ኖሮ የበለጠ አለቅስ ነበር፤ ግን አላምነውም ነበር።

«እውነቷን ነው» አለች እቴቴ ስለ ታማኪ፣ ሽንኩርቱን ሳታቆም።

«አንቺም አስበሽው ታውቂያለሽ?»

«እንዴት አላስብም? ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር እኮ።»

ተቀየምኩ ብዬ ራሴን ፈተሽኩት፤ ቅያሜ አልነበረም። እንዲያውም የሆነ ነገር ቀለለኝ። ስለዚህ ሌላውንም ጠየቅኳት፦ ለምን አልነገራችሁኝም?

«ሁሉም ሌላው ይነግራታል ብሎ ተወው። እኔም እንደዚያው።»

ፊልሙ ሲያልቅ ያነሣችው ስለ ድመቷ ነው። ዳይጂንን መጀመሪያ ያስጠጋቻት ሱዙሜ ናት፤ ድመቷ ከስታ ስትመጣ ምግብ ሰጥታ የእኛ ልጅ ትሆኛለሽ ወይ ብላታለች፤ ታማኪ ድሮ እሷን እንዳለቻት። ኋላ ግን በንዴት አባረረቻት፤ ድመቷም በመጨረሻ ልጅሽ መሆን አልቻልኩም ብላ ትሉን አፍና ትይዝ ወደነበረችበት ድንጋይነቷ ተመለሰች። ፊልሙ ይህን በጥድፊያ ነው ያለፈው። እኔ ታሪኩ እንዲያልቅ ግድ ነው አልኳት።

«ግድ አይደለም» አለች። «ልጄ ሁኚ ብሎ ጠርቶ መመለስ የለም። ድመቷን በድለዋታል።»

ተከራከርን። ነገ የመጀመሪያውን ግማሽ አብረን ልናየው ነው።