ጋቢ የለበሰው ጠርሙስ

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ነው። አራተኛ ክፍል፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ 58 ልጅ። ቤተ ሙከራ የለንም። መጽሐፉ ስለ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሲያወራ ልጆቹ ያዛጋሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አዛጋለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ይዤ ገባሁ።

ሰኞ ከፊሉን ዱቄት ከአንዲት ተማሪ ቤት በመጣ እርሾ፣ ጥቂቱን በውሃ ብቻ አቦካን። ፕላስቲክ ጠርሙሶችን እስከ ወገባቸው ሞልተን አፋቸው ላይ ፊኛ አጠለቅን። «ነገ እርሾ ያለበት ፊኛ ተነፍቶ ታገኙታላችሁ» አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ፊኛዎች እንደ ፍየል ጆሮ ተንጠልጥለዋል። እኔ እርሾውን ጠረጠርኩ። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ብርድ መቶት ነው። እናቴ በብርድ ጊዜ ቡሃቃውን ጋቢ ታለብሰዋለች።»

ካፖርት ለብሼ እያስተማርኩ ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። እርሾ ካለባቸው ሁለት ጠርሙሶች አንዱን መስኮት ላይ ተውነው፤ ሌላውን ከእርሾ አልባው ጋር በጋቢ ጠቅልለን ወደ ምገባው ማድ ቤት ወሰድነው። ረቡዕ ጋቢውን ስንገልጥ የባለ እርሾው ፊኛ እንደ ቡጢ ቆሟል። ከጠርሙሱ ግድግዳ ሥር አረፋዎች አንድ በአንድ እየወጡ ላይ ሲደርሱ ይፈነዳሉ። እርሾው ውስጥ ያሉት ሕያዋን ስኳር እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጡ፣ ሲበርዳቸውም እንደሚሰንፉ ለማስረዳት ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም። ሐሙስ ደግሞ እርሾ አልባውም ቀና ማለት ጀመረ፤ ለካ ዱቄቱ ራሱ የራሱን ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል።

ጥፋቴንም ልናገር። ሽታው እንዳይወጣ ብዬ የባለ እርሾውን ጠርሙስ በክዳን ጠርቅሜ አሳደርኩት። ሐሙስ ስከፍተው ሊጡ ተፈናጥሮ የስም መጥሪያዬን አለበሰው። ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ያንን ነው።

ዓርብ በባልዲ የቦካውን ሊጥ ለሁለት ከፈልን፤ ለአንዱ አብሲት ልንጥልለት፣ ሌላውን እንዲሁ ልንጋግረው። መጋቢ እናቶች ተቆጡ፦ «ያለ አብሲት? በዚህ ኑሮ ጤፍ ልታባክኑ?» የአብሲቱ ውሃ ሲንፈቀፈቅ የተዋስኩት ቴርሞሜትር 92 አሳየ። መጽሐፉ 100 ስለሚል ልጆቹ ተበላሽቷል አሉ። የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው፤ እኛ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ንፍሯችን የሚዘገየውም ለዚህ ነው።

ጤፍ እንደ ስንዴ አረፋ የሚይዝለት ግሉተን የለውም። አብሲቱ ሲበስል ስታርቹ አብጦ ሊጡን ያወፍረዋል፣ አረፋውንም ያቆይለታል። ልዩነቱን በቁጥር ለማሳየት የክብሪት ሳጥን የምታህል ቀዳዳ በወረቀት ቆርጠን እንጀራዎቹ ላይ አስቀመጥን፤ ዓይን መቁጠር ተጀመረ። አብሲት የሌለው ዓይኑ ጥቂት እንደሆነ ሁሉም ተስማማ። ባለ አብሲቱ ላይ ግን አንዱ ቡድን 38፣ ሌላው በዚያው ቦታ 52 አለ። ምን ዓይነት ዓይን እንደሚቆጠር አስቀድመን አልተነጋገርንም ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ «ምስር የምታስገባ ዓይን ብቻ» ተባለ።

ምስር ፍለጋ ወደ ጓዳ ገብቼ ስመለስ፣ አብሲት የሌለው እንጀራ እንኳ አልተረፈም።