ከኦሮራ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች፦ ጉዞውን እንዴት እንደማቅድ

ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ ከቤተሰቤ ጋር በመኪና ወደ ኮሎራዶ ተራሮች እወጣለሁ። የተራራ ጉዞ ሲታቀድ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ወቅቱ፣ የቀኑ ሰዓትና የሚነዳበት አቅጣጫ መቅደም እንዳለባቸው የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

የኤስቲስ ፓርክ ከተማን ከግራንድ ሌክ ከተማ የሚያገናኘው የትሬይል ሪጅ መንገድ ርዝመቱ 77 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሆኖም እስከ 3,713 ሜትር ከፍታ ስለሚወጣ ከኦክቶበር አጋማሽ አንስቶ እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ ምክንያት ዝግ ነው። በጁላይና በኦገስት ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ በመሆኑ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ እኩለ ቀን ሳይሞላ ለመውረድ ስንል ከቤት የምንነሳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። መንገዱ የሚያቋርጠው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ የሚያስይዝባቸው ዓመታት ስላሉ ይህንንም ቀድሞ ማጣራት ይገባል።

የአቅጣጫን ነገር ያስተማረኝ ከኡሬይ ወደ ሲልቨርተን የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። መንገዱ በ3,358 ሜትር ከፍታ ላይ ሬድ ማውንቴን የተባለውን የተራራ ማለፊያ በር ያቋርጣል፤ በረዶ ጠራጊ መኪኖች በረዶውን ወደ ገደሉ መግፋት ስላለባቸውም ብዙው ጠርዝ የብረት አጥር የለውም። እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ይህን ሳላስብ ከኡሬይ ወደ ደቡብ ነዳሁ። በአሜሪካ መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ የገደሉ ጠርዝ የወደቀው በእኛ በኩል ነበር፤ እናቴም ከፊት ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና እመቤቴን እየተማጸነች ነው የደረሰችው። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። በማግስቱ በዚያው መንገድ ስንመለስ የእኛ መስመር ተራራውን የተጠጋው ስለነበር፣ ደባርቅ ያደገችው እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ይሄማ ሊማሊሞ ነው» አለችኝ።

ከፍታውም ቢሆን ከእሷ ይልቅ የበረታው በእኔ ላይ ነበር፤ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፣ እዚህ ዓመታት የቆየ ሰው ደግሞ የለመደውን ከፍታ ይረሳል። ስለዚህ ውኃ በብዛት እንይዛለን፣ ነዳጅ ሞልተን እንነሳለን፣ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ካርታውን አስቀድመን እናወርዳለን። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የግድ ነው።

ዘንድሮ ያቀድኩት ለመስቀል ሰሞን ነው፤ ያኔ የአስፐን ዛፍ ቅጠል ልክ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ለብሶ ተራራውን ይሞላዋል። 380 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የሳን ሁዋን ዙሪያ መንገድ ከዱራንጎ ወደ ሰሜን ተነሥተን፣ በሲልቨርተን፣ በኡሬይና በሪጅዌይ አልፈን፣ በቴሉራይድና በኮርቴዝ በኩል ወደ ዱራንጎ እንመለሳለን። በዚህ አዙሪት ከሲልቨርተን እስከ ኡሬይ ያለውን መንገድ የምንነዳው በተራራው በኩል ነው። እናቴም ትመጣለች፤ የፊቱን ወንበር ይዤላታለሁ።