ብልጭልጭ ያለባቸው ካርዶች

የዘጠነኛ ክፍል ሶሻል ስተዲስ ነው የማስተምረው። አትላንታ ጥግ፣ ክላርክስተን አካባቢ። ከሃያ ሰባቱ ተማሪዎቼ እናት አባቱ እዚሁ የተወለዱለት ቢፈለግ የአንድ እጅ ጣት ይተርፋል። የሳምንቱ ርዕስ ስደት ነበር።

«ዲቴንሽን ላሉ ስደተኞች ካርድ እንጽፋለን» ስል ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«እኔም ትናንት ዲቴንሽን ነበርኩ። ለእኔስ አይጻፍልኝም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እዚህ አገር ተማሪ ሲረብሽ ከደወል በኋላ ቁጭ የሚልባት ሰዓትም ዲቴንሽን ነው የምትባለው። እኔም ስቄ ሌላኛውን ዲቴንሽን ማስረዳት ያዝኩ። ከእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቢነዳ ላምፕኪን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ስቱዋርት የሚባል፣ ወደ 2,000 ሰው የሚይዝ፣ የግል ኩባንያ የሚያስተዳድረው የስደተኞች ማቆያ አለ። ከአገር ይውጡ የሚለው ክስ የፍትሐ ብሔር እንጂ የወንጀል አይደለም። ስለዚህ መንግሥት ጠበቃ አያቆምም። ገንዘብ ያለው ይቀጥራል፣ የሌለው ብቻውን ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሳቁ ቆመ።

እዚያችው ከተማ ውስጥ ደግሞ ኤል ሬፉጂዮ የሚባል ቤት አለ። ከሩቅ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ቤተሰብ በነፃ በልቶ የሚያድርበት፣ በጎ ፈቃደኞች የሚያስተናግዱበት። እሱን ስነግራቸው ነው የጋልኩት። «ይሄማ የእኛ አገር ወግ ነው!» አልኩ። መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል፣ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል። ማን ነህ፣ ከየት ነህ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። «ቤት ለእንግዳ»ን ሰሌዳው ላይ በፊደላችን ጻፍኩላቸው። እንደ ሥዕል እያዩ ገለበጡት። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ራሴን በጣም ወድጄው ነበር።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዕቅዴን አስቀድሞ አይቶት ነበር። «ታሳሪዎች» የሚለውን ሰርዞ «የሩቅ የብዕር ጓደኞች» ብሎ ጻፈበት። ፖለቲካ እንዳይመስል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቃል መሰረዝ ይወዳል እንጂ።

ካርዶቹ አበዱ። ስቲከር፣ ልብ፣ ባንዲራ፣ በሙጫ የተነሰነሰ ብልጭልጭ። ግማሾቹ «እንኳን ወደ አሜሪካ በደህና መጡ!» ብለዋል። ይሄ ተቆልፎበት ለተቀመጠ ሰው የሚላክ መሆኑ ለእኔም አልታየኝም። እየዞርኩ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እላለሁ።

መስኮት ጥግ የምትቀመጥ አንዲት የሐበሻ ልጅ አለች። ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ እንጂ በአማርኛ አናግራኝ አታውቅም። አጠገቧ ስደርስ አንገቷን ሳታነሳ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ በጠራ አማርኛ፣

«ቲቸር፣ ኤ ነምበሩ ካልተጻፈበት አይደርሳቸውም። ብልጭልጭ ያለበትንም ይመልሱታል» አለችኝ።

ኤ ነምበር ማለት ኢሚግሬሽን ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው፣ ኤ ብሎ የሚጀምር የመዝገብ ቁጥር ነው። ስሙን ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። ያለ እሱ ፖስታ እንደሚመለስ ግን የሚያውቀው አንዴ የተመለሰበት ነው።

እኔ ምን አልኩ? በእንግሊዝኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«አንቺ ይሄን እንዴት አወቅሽ?»

ሃያ ስድስት አንገት ዞረ።

እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕላይለርና ዶ በሚባለው መዝገብ ላይ ልጆች በመኖሪያ ወረቀት ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይከለከሉም ብሎ ወስኗል። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀት ተማሪ አንጠይቅም። ሥልጠና ወስጄበታለሁ፣ ፈርሜያለሁ። ደግሞ ሰሌዳው ላይ የራሴ ጽሑፍ ገና አልጠፋም።

ልጅቷ ቀና አለች። «ዩቲዩብ ላይ አይቼ» አለች፣ በእንግሊዝኛ። አንገቶቹ ተመለሱ። አስቡት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት ያዳነችኝ። ራሷን ነው ያዳነችው ብትሉም አልከራከርም። ማታ ቤት ሆኜ እራቴን እየበላሁ ያችን ዓረፍተ ነገር ሳኝካት አመሸሁ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ማለፍ ነበር። ሁለት ቃል!

በማግስቱ ነጭ ወረቀትና ሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ ይዤ ገባሁ። «እንኳን ደህና መጡ» ቀረ። አንዱ ስለ እግር ኳስ ጻፈ፣ ሌላዋ እናቷ ስለምትሠራው ሩዝ። ያ የዲቴንሽን ቀልደኛ ሁለት ገጽ ሞላ። ሰዎቹን የሚጠይቁ በጎ ፈቃደኞች ቁጥሩን እየሞሉ እንዲልኩልን ተስማማን። ሃያ ስድስት ደብዳቤ ሰበሰብኩ። እሷ የራሷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልጠየቅኳትም። አንዴ ጠይቄ አይቼዋለሁ።

ባለብልጭልጮቹን ካርዶች ልጥላቸው ስል ምክትላችን ደረሰ። «እነዚህማ አይጣሉም!» ብሎ የሚያምሩትን መርጦ ወሰደ። አሁን ቢሮው በር ላይ ናቸው። መሃል ላይ ያለው በተንጋደደ የልጅ ፊደል «ቤት ለእንግዳ» ይላል። ከላዩ «ያለ ቀጠሮ መግባት ክልክል ነው» የሚል የራሱ ማስታወቂያ አለ። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። «ሰላምታ ነው» አልኩት።