ለአዲስ አጭር ልብ ወለድ መግቢያ ስጽፍ

በሥነ ጽሑፍ መጽሔታችን ለሚወጡ አዳዲስ አጫጭር ልብ ወለዶች መግቢያ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከሁለት አንቀጽ አይበልጥም፤ ነገር ግን የደራሲውን ድካም ከንቱ ሊያስቀር ይችላል። አሜሪካዊው ደራሲና ሐያሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሂስ፣ አጭር ታሪክ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ አንድ ወጥ ስሜት ሊያሳድር እንደሚገባ ተከራክሯል። ረጅም ልብ ወለድ በመግቢያው ምስጢር ቢያመልጠው በገጾቹ ብዛት ይካካስለታል። አጭሩ ግን ሌላ መጠባበቂያ የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ እርሳስ ሳልይዝ እንደ ማንኛውም አንባቢ አነበዋለሁ። በሁለተኛው ንባብ ማን እንደሚተርክ፣ ለማን እንደሚተርክ፣ ምን እንደሚደብቅ ምልክት አደርጋለሁ። የምጽፈው ስለ አተራረኩ ነው፤ የሚሆነውን ለታሪኩ እተውለታለሁ።

አስቀድሞ ከታተመ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። ታላቅ ወንድም ታናሹን «አንተ» እያለ ሲያናግር ይውላል። ታናሹ በሕይወት አለመኖሩን የምናውቀው በመጨረሻው አንቀጽ ነው። «ስለ ሐዘን የሚተርክ ጥልቅ ሥራ» ማለት ይቀል ነበር፤ ግን ፍጻሜውን አስቀድሞ መናገር ይሆናል። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ታላቅ ወንድም ቤት እየጠረገ ታናሹን ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ይለማመጣል። ደራሲዋ የሁለት ሰዎችን ጠብ በአንዱ አንደበት ብቻ ታሰማናለች።» አንባቢ ጆሮውን የት እንደሚጥል ያውቃል፤ የሚጠብቀውን ግን አያውቅም።

«ድንቅ»፣ «ልብ የሚነካ» የሚሉ ቅጽሎችን አልጠቀምም። ልቡ መነካቱን የሚናገር አንባቢው ራሱ ነው። «የመጀመሪያ ሥራው ነው» የሚለውንም ከመግቢያው አውጥቼ ከታሪኩ በኋላ በሚመጣው የደራሲው ማስታወሻ ውስጥ አስገባዋለሁ። ጀማሪ መሆኑን አስቀድሞ የሰማ አንባቢ እያዘነለት ያነባል፤ እነዚህ ደራስያን ግን ከአንጋፋዎቹ እኩል በጥንቃቄና በጥርጣሬ መነበብ ይገባቸዋል። በዚህ ጉዳይ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም አልለቅም።

መግቢያው ከመታተሙ በፊት ለደራሲው ይላካል። ያልወደደው ቃል ያለ ክርክር ይወጣል። ብዙዎቹ ከታዋቂ ደራሲ ጋር መነጻጸርን አይወዱም፤ እኔም ንጽጽሩን ከነጭራሹ ትቼዋለሁ።