ዩስተን ውስጥ ሦስት ሰሜን አለ

ይህን የምጽፈው ሥራውን ስጀምር አንድ ሰው "ሰሌዳው ላይ ያለውን አቅጣጫ አትመን" ቢለኝ ኖሮ አራት ወር ባልባከነብኝ ብዬ ነው። ሥራው ለንደን ውስጥ ዩስተን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሥር ያሉትን የተዘጉ መተላለፊያዎችና የድሮውን የፕላትፎርም አቀማመጥ፣ ዛሬ ካለው ጋር አንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የዕቃው ነገር አያስቸግርም። ኤ3 ካሬ ወረቀት፣ ትሬሲንግ ፔፐር፣ ላጲስ፣ ሦስት ቀለም እርሳስ፤ ጥቁሩ ለዛሬው፣ ቀዩ ለ1907ቱ፣ ሰማያዊው ለተዘጋው። መለኪያው አንድ ለሺህ ይሁን። እኔ በአንድ ለአምስት መቶ ጀምሬ ከኤቨርሾልት መንገድ እስከ ሜልተን መንገድ ያለው አልገባ ብሎኝ እንደገና ሠራሁት። ርዝመት ለመለካት ሜትር ይዞ መንበርከክ አያስፈልግም፤ ባቡሩ ራሱ ሜትር ነው። የኖርዘርን መስመር ባቡር ስድስት ፉርጎ ነው፣ እያንዳንዱ ወደ 17.8 ሜትር። የቪክቶሪያው ስምንት ፉርጎ ሆኖ በጠቅላላው 133 ሜትር ገደማ ነው። ፎቶ ለራስ ማንሳት ይቻላል፤ ፍላሽና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ግን አይፈቀድም። ወደ ሐዲዱ መውረድ ወንጀል ነው። ከወንጀልነቱም በፊት ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉት ሁለት ተጨማሪ ሐዲዶች መካከል 630 ቮልት አለ።

ታሪኩን በአጭሩ ካላወቃችሁ ሥዕሉ ትርጉም አይሰጣችሁም። ዩስተን የገቡት ሁለት ተቀናቃኝ ኩባንያዎች ናቸው፤ መስመሮቻቸው ዛሬ የኖርዘርን መስመር ሁለት ቅርንጫፎች ሆነዋል። ሲቲ ኤንድ ሳውዝ ለንደን የሚባለው ግንቦት 12፣ 1907 ሲደርስ፣ የሃምፕስቴዱ መስመር ሰኔ 22 ተከተለ። ሁለቱም ከላይ የየራሳቸውን ሕንፃና ሊፍት ሠሩ። የመጀመሪያው በኤቨርሾልት መንገድ በኩል፣ ሁለተኛው በድራሞንድና በሜልተን መንገዶች ማዕዘን ላይ፣ በዚያ በደም ቀለም ሴራሚኩ የሚታወቀው ሌዝሊ ግሪን ነድፎት። በዚህ ላይ በዋናው ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ የጋራ ሊፍት ነበራቸው። የሜልተኑ በር በ1914 ተዘጋ፤ የኤቨርሾልቱ ሕንፃ በ1934 ፈረሰ። ከታች ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኝ መተላለፊያ ነበር፤ መካከሉ ላይ ደግሞ መስመር ለሚቀይሩ ሰዎች የትኬት መቁረጫ መስኮት። ኩባንያዎቹ ምን ያህል እንደማይዋደዱ ከዚያ መስኮት በላይ የሚናገር ነገር የለም።

ቀጥሎ ያለው ነው ሁሉን የሚወስነው። ሲቲ ኤንድ ሳውዝ ለንደን ዩስተን ላይ የሠራው 9 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ ትልቅ ዋሻ ነበር፤ ሁለቱ ሐዲዶች ዳርና ዳር፣ ፕላትፎርሙ መሃል ላይ እንደ ደሴት። በ1960ዎቹ የቪክቶሪያ መስመር ሲቆፈር፣ የሰሜን አቅጣጫው ሐዲድ ከዚያ ዋሻ ወጥቶ በስተደቡብ ወደ ተቆፈረለት አዲስ ዋሻ ተዛወረ። ባዶ የቀረው የሐዲድ ቦታ ተሞልቶ ከፕላትፎርሙ ጋር ተቀላቀለ። ዛሬ ፕላትፎርም 6 ላይ ቆማችሁ "ይህ ሁሉ ስፋት ለምን?" ያላችሁ እንደሆነ መልሱ ይህ ነው። ከምትረግጡት ወለል ግማሹ ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

እዚያ ወለል ላይ ጎን ለጎን አራት ፕላትፎርም አለ። 3 የኖርዘርን መስመር ወደ ሰሜን፣ 4 የቪክቶሪያ ወደ ሰሜን፣ 5 የቪክቶሪያ ወደ ደቡብ፣ 6 የኖርዘርን ወደ ደቡብ። 3 እና 4 በአጭር መተላለፊያ ይገናኛሉ፣ 5 እና 6ም እንዲሁ። ሰሌዳው የሚለው ይህንኑ ነው። ደቡብ ከደቡብ ጎን፣ ሰሜን ከሰሜን ጎን። ታዲያ 5 እና 6ን ባቡሮቻቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ አድርጌ ሣልኳቸው። ማን የማይስል አለ?

ተሳስቻለሁ። ከ6 የሚነሳው ባቡር ቀጣይ ጣቢያው ኪንግስ ክሮስ ነው፤ ያ ደግሞ ከዩስተን በስተምሥራቅ ነው። ከ5 የሚነሳው ወደ ዋረን ስትሪት ይሄዳል፤ ያ በስተምዕራብ ነው። ሁለቱም "ደቡብ" ይባላሉ፣ ሁለቱም መጨረሻ ላይ ከቴምዝ ደቡብ ይደርሳሉ፣ ዩስተን ላይ ግን ተቃራኒ ናቸው። ሰሜኑም እንደዚያው። የቪክቶሪያው ሰሜን ወደ ምሥራቅ፣ የፕላትፎርም 3 ሰሜን ወደ ምዕራብ ይወጣል። በሌላው የኖርዘርን ቅርንጫፍ ያለው ሰሜን ብቻ፣ ወደ ሞርኒንግተን ክሬሰንት የሚሄደው፣ እውነተኛ ሰሜን ነው። አንድ ጣቢያ፣ ሦስት ሰሜን።

ዓይን ራሱ አጋዥ አልሆነኝም። በ5 እና በ6 መካከል ባለው መተላለፊያ ቁሙና ፊታችሁን ወደ 6 አዙሩ፤ ባቡሩ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ዞር በሉና ወደ 5 ተመልከቱ፤ ያኛውም ከግራ ወደ ቀኝ። እኔ "እንግዲህ ሁለቱም ወደ አንድ ናቸው" ብዬ ጻፍኩ። እኔ ራሴ ግማሽ ዙር መዞሬን ረስቼ! ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ኖሮ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ መታየት ነበረባቸው።

ጥርጣሬ ሲገባኝ የስልኬን ኮምፓስ አወጣሁ። ይህ ሁለተኛው ስህተት ነው። የቆዩት ዋሻዎች የተሸፈኑት በብረት ቀለበት ነው፣ አጠገባችሁ ደግሞ ከባድ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ መርፌው ባቡር በገባ ቁጥር ይወዛወዛል። ካነበብኩት መካከል ከሥዕሌ ጋር የተስማማውን መርጬ ያዝኩ። ከመሬት በታች ኮምፓስ አትክፈቱ፣ በቃ።

ሦስተኛው፣ "እንግሊዝ አገር ባቡር በግራ ነው የሚሄደው" የሚለው ደንብ ነው። ልክ ነው፤ ግን የቪክቶሪያ መስመር ከዋረን ስትሪት እስከ ኪንግስ ክሮስ በቀኝ ነው የሚሄደው። ሁለቱ ዋሻዎቹ ከዩስተን በፊትና በኋላ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግረው ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ የተደረገው ከሰሜን ለንደን መጥቶ ወደ ዌስት ኤንድ የሚሄድ ሰው ደረጃ ሳይወጣ ባቡር እንዲቀይር ነው። ለተሳፋሪው ጥሩ፣ ለእኔ መርዝ። የግራ ደንቡን በቪክቶሪያው ላይ ስሠራበት የአራቱ ፕላትፎርሞች ተራ ተገለበጠ። ከሰሜን ወደ ደቡብ 6፣ 5፣ 4፣ 3 መሆን የነበረበት 3፣ 4፣ 5፣ 6 ሆነ።

የሚቆጨኝ ይህ አይደለም። የሚቆጨኝ ስህተቱ ራሱን ሲያሳየኝ ያደረግኩት ነው። ቀዩን የ1907 ንብርብር በጥቁሩ ላይ ሳስቀምጠው የድሮው ማገናኛ መተላለፊያ ወደ ደሴቱ ፕላትፎርም መድረስ ሲገባው ሦስት ሳንቲሜትር ቀረው፤ መሬት ላይ ሠላሳ ሜትር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ እርሳሱን አስቀምጬ ሁሉንም መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን መተላለፊያውን አጠፍኩት። ማንም ያላየው፣ የትም ያልተጻፈ ክርን ቀጠልኩለትና "እዚህ ጋ ሳይታጠፍ አይቀርም" ብዬ በእርሳስ ጻፍኩበት። ከዚያ በኋላ የተጨመረው ሁሉ በዚያ ክርን ላይ ተመሠረተ። ቀጥ ያለ መተላለፊያ ወረቀታችሁ ላይ መታጠፍ ካስፈለገው፣ የተሳሳተው መተላለፊያው ሳይሆን የወረቀታችሁ ሌላ ቦታ ነው።

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። "ሰሜን" እና "ደቡብ" የሚሉትን ቃላት ከወረቀቱ ላይ ጨርሼ ፋቅኳቸው። በምትካቸው በእያንዳንዱ ሐዲድ ጫፍ የሚቀጥለውንና ያለፈውን ጣቢያ ስም ጻፍኩ። ከላይ ካለው የመንገድ ካርታ አራቱ ጎረቤት ጣቢያዎች፣ ኪንግስ ክሮስ፣ ዋረን ስትሪት፣ ካምደን ታውንና ሞርኒንግተን ክሬሰንት፣ የት እንዳሉ በማስመሪያ አወጣሁ። ከዚያ ከ3 እስከ 6 ላሉት ለአራቱም ፕላትፎርሞች "የኪንግስ ክሮስ ጫፍ" የትኛው እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩ። ከኋላ ቀይ መብራት ያለው የባቡር ጭራ 5 ላይ በየት በኩል እንደቆመ ማየት በቂ ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሦስቱ ሳንቲሜትር ጠፋ፣ ክርኑም አላስፈለገም።

ስለ ሰነዶች። ፓርላማ ለቀረበው ሕግ የተያያዙት የድሮ ፕላኖች ያምራሉ፣ ግን የሚያሳዩት መስመሩ ሊሄድ የተፈቀደለትን ወሰን እንጂ የተሠራውን አይደለም፤ ለኩባንያ ስምና ለመንገድ ስም ብቻ ተጠቀሙባቸው። በመረጃ ነፃነት ሕግ ተጠይቀው የወጡ የጣቢያ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕሎች አሉ። የትኛው ደረጃ ከየት ጋር እንደሚገናኝ ግሩም አድርገው ያሳያሉ፣ በማስመሪያ ግን አትለኳቸው፤ የተሠሩት በመለኪያ አይደለም። እኔም ለአንድ ቢሮ ጥያቄ አስገብቼ ሕጉ የሚፈቅድላቸውን 20 የሥራ ቀን እስከ መጨረሻዋ ቀን ተጠቅመው፣ ግማሹ በጥቁር የተቀባ ወረቀት ላኩልኝ። ከተቀባው ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ደረጃ ይገኝበታል፣ በየቀኑ ሺህ ሰው የሚረግጠው። ጥፋቱ ግማሹ የእኔም ነው፤ "ያላችሁን ሁሉ" ብሎ መጠየቅ እንዲህ ያለ መልስ ያመጣል። አንድ መተላለፊያ፣ ከ1968 በፊት የነበረበት ሁኔታ፣ ብላችሁ ጠይቁ።

ሰው ሁሉ "መጀመሪያ ጉብኝቱን ግባ" ይላል። እኔ አልስማማም። የለንደን ትራንስፖርት ሙዚየም የተዘጉትን መተላለፊያዎች በአስጎብኚ ያሳያል፤ ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ጊዜውም አጭር ነው። ሳትዘጋጁ ከገባችሁ የ1960ዎቹን መጀመሪያ የማስታወቂያ ፖስተሮች ፎቶ አንስታችሁ ትወጣላችሁ። ሥዕሉን ጨርሳችሁ፣ ያልመለሳችሁትን ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግቡ። ፖስተሮቹንም እንደ ሰነድ አንብቧቸው። ከሁሉ በላይ የተለጠፈው ላይ ቀን ካለ፣ መተላለፊያው ከዚያ ቀን በፊት አልተዘጋም ማለት ነው። ወለሉ የሚያዘቀዝቅበትን፣ ሴራሚኩ በድንገት የሚቋረጥበትንና የጡብ ግድግዳ የሚጀምርበትን መዝግቡ። ወደታች የሚያሳይ ፍርግርግ ካገኛችሁ፣ ከሥሩ የሚያልፈው ባቡር ከየትኛው ጎን እንደመጣ ጻፉ፤ የላዩንና የታቹን ወረቀት የሚያያይዝ እንደዚያ ያለ ነጥብ ሌላ አታገኙም።

የድሮው ዩስተን ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ግን ጉብኝትም አያስፈልግም። በዚያው መስመር ክላፓም ኖርዝ ወይም ክላፓም ኮመን ውረዱ። ሁለቱም በ1900 እንደተከፈቱ ባለ ደሴት ናቸው፤ አንድ ዋሻ፣ ሁለት ሐዲድ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ፕላትፎርም። ሁለት ባቡር ባንዴ ሲገባ እዚያ መቆም ምን እንደሚመስል ስታዩ፣ ለምን ሌላው ቦታ ሁሉ እንደተለወጠ ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል። ኤንጀል ጣቢያ ላይ በ1992 የተደረገው ልክ እንደ ዩስተኑ ነው። የሰሜን አቅጣጫው አዲስ ዋሻ ሲያገኝ የለቀቀው የሐዲድ ቦታ ተሞልቶ ደሴቱ የደቡቡ ሰፊ ፕላትፎርም ሆነ፤ ቅስቱን ቀና ብላችሁ ካያችሁ ለሁለት ሐዲድ የተሠራ መሆኑ አያከራክርም። ባንክ ጣቢያ ላይ ደግሞ በ2022 ለደቡብ አቅጣጫው አዲስ ዋሻ ተሠርቶ የድሮው የባቡር ዋሻ የሰው መተላለፊያ ሆነ።

ከባቡር ሳትወርዱ የሚታይም አለ። በፒካዲሊ መስመር ግሪን ፓርክን አልፋችሁ ሃይድ ፓርክ ኮርነር ሳትደርሱ፣ በ1932 የተዘጋው ዳውን ስትሪት አለ። ግንባራችሁን ከመስታወቱ አስጠጉ፣ የውስጡን መብራት በሁለት እጃችሁ ከልሉ። ጥቁሩ የብረት ዋሻ ለጥቂት ሴኮንድ ይጠፋና ጡብ ግድግዳ ይመጣል፤ የመንኮራኩሩም ድምፅ ይለወጣል። ባቡሩ ከፈጠነ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ በሚቀጥለው ተመለሱና በሌላው ጎን ተቀመጡ።