የሮቶ ውኃ መለኪያ በባትሪ፦ የኃይል ምርጫው የደረሰበት

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ጣሪያ ላይ በተቀመጠ ሮቶ ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንደቀረ በየ15 ደቂቃው ለክቶ በዋይፋይ ወደ ቤት የሚልክ፣ ኢኤስፒ32 የሚባል ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድ። ሴንሰሩም ኮዱም ቶሎ ያልቃሉ። የሚያለፋው ባትሪው ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መለኪያው በየሳምንቱ የሚሞት ከሆነ መሰላል ይዞ ጣሪያ መውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይቀላል።

ብዙ ሰው «ስንት ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ልግዛ?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ቦርዱ ተኝቶ ሳለ ስንት ይበላል? ሒሳቡን ዘርዝረን እንየው። በቀን 96 ጊዜ ይነቃል። ነቅቶ፣ ዋይፋይ ይዞ፣ ለክቶ፣ ልኮ እስኪተኛ 4 ሰከንድ፣ በአማካይ 120 ሚሊአምፔር ብለን እንያዝ። 4 በ120 ሲባዛ 480፣ በ96 ሲባዛ 46,080፤ ለ3,600 ሲካፈል በቀን 12.8 ሚሊአምፔር ሰዓት ይመጣል። የሥራው ወጪ ይኸው ነው።

የእንቅልፉ ወጪ ግን ሌላ ነው። ቺፑ ራሱ ዲፕ ስሊፕ (ጥልቅ እንቅልፍ) ውስጥ 10 ማይክሮአምፔር ገደማ ነው የሚበላው። ዩኤስቢ ያለው የተለመደው የመለማመጃ ቦርድ ላይ ግን ቮልቴጁን ወደ 3.3 የሚያወርደው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ብቻውን 5 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ቀዩ መብራትና የዩኤስቢ ቺፑ ሲጨመሩ ወደ 10 ይጠጋል። 10 ሚሊአምፔር በ24 ሰዓት 240 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ ተኝቶ የሚበላው ሠርቶ ከሚበላው 19 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። 2,600 ሚሊአምፔር ሰዓት ካለው 18650 (ላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ዱላ መሰል የሊቲየም ባትሪ) 80 በመቶውን፣ ማለትም 2,080ውን ብንጠቀም፣ ቦርዱ እንዳለ ከተተወ 8 ቀን ብቻ ይቆያል። የእንቅልፉ ብክነት ቢወገድ ያው ባትሪ አምስት ወር ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ በትይዩ ከመጨመር በፊት ሬጉሌተሩን መንቀል ይቀድማል።

ኤኤምኤስ1117 ሌላም ችግር አለው። 3.3 ቮልት ለማውጣት በሙሉ ጭነት ከበላዩ 1.1 ቮልት ያህል ትርፍ ይፈልጋል፤ መግቢያው ላይ 4.4 ቮልት መድረስ አለበት። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ጥግ ድረስ ሞልቶም 4.2 ነው። ባትሪው ወደ 3.7 ሲወርድ ኢኤስፒ32 የሚደርሰው 2.6 አካባቢ ይሆንና ዋይፋዩ ሲነሳ ቦርዱ ራሱን ያጠፋል፤ ሲሪያል ሞኒተሩ ላይ የብራውንአውት (ቮልቴጅ አነሰ የሚል) መልእክት እየደጋገመ ይወጣል። ብዙዎች ይህን ለማስታገስ ኤምቲ3608 በሚባለው ከፍ ማድረጊያ ባትሪውን ወደ 5 ቮልት ያወጡትና መልሰው በኤኤምኤስ1117 ያወርዱታል። ዳግም መነሳቱ ይቆማል፣ ግን አንዱ የሚያወጣውን ሌላው በሙቀት ያቃጥለዋል፤ የእንቅልፉም ወጪ ይብሳል።

በምትኩ ሦስት ሬጉሌተሮች ተወዳድረዋል። ኤችቲ7333 ተኝቶ 4 ማይክሮአምፔር፣ ኤምሲፒ1700 ደግሞ 1.6 ማይክሮአምፔር ይበላሉ፤ ሁለቱም እስከ 250 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጡት። ኤፒ2112ኬ 55 ማይክሮአምፔር ይበላል፣ ግን 600 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ሁልጊዜ የሚመከረው ትንሹን የሚበላውን መምረጥ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ምክሩ አይሠራም። ኢኤስፒ32 ዋይፋይ ሲልክ እስከ 240 ሚሊአምፔር ይስባል፤ አምራቹም የኃይል ምንጩ ቢያንስ 500 ሚሊአምፔር እንዲችል ይመክራል። ኤፒ2112ኬ በእንቅልፍ የሚወስደው በቀን 1.3 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ከዋይፋዩ ወጪ አንድ አሥረኛው ነው። በዚህ ዋጋ የተረጋጋ ቮልቴጅ ማግኘት ያዋጣል። አምስት ጥቃቅን እግር ስላለው በእጅ መበየዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መግቢያውና መውጫው ላይ 1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ፣ ኢኤስፒ32ው እግር ሥር ደግሞ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይገባል። ቀጫጭኖቹ የብሬድቦርድ ሽቦዎች ለዚህ መሥመር አይሆኑም፤ አጭርና ወፈር ያለ ሽቦ በዩ።

ወደ ባትሪው እንመለስ። ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ድንጋይ ከወዲሁ ይቅር፤ አቅሙ ወደ 500 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ነው፣ ወደ 3.3 ሲወርድም ከግማሽ በላዩ ሙቀት ይሆናል። የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሦስቱ በተከታታይ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ፤ አልካላይን ከሆኑ ለጥቂት ወራት ያገለግላሉ፤ ርካሾቹ የካርቦን ድንጋዮች ግን ዋይፋዩ ሲነሳ ቮልቴጃቸው ይወድቃል። ፓወር ባንክም አይሆንም፤ አብዛኞቹ ትንሽ ጭነት ሲያዩ «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ይዘጋሉ።

የቀረው 18650 ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚፈታውን መጠቀም ይቻላል፤ ማጣራቱ ግን አይዘለል። ቮልቴጁ ከ2 በታች ወርዶ የተገኘ ሴል እንደገና ቻርጅ አይደረግም፤ በዚያ ደረጃ ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ኋላ ውስጣዊ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ጤነኛ የሚመስለውን እስከ 4.2 ሞልታችሁ ለሳምንት አስቀምጡት፤ ከ4.1 በታች ከወረደ ተዉት። አዲስ ስትገዙ ላዩ ላይ 9,800 የሚል ካያችሁ አትመኑ፤ በዚህ መጠን ካሉት ትልልቆቹ 3,500 አካባቢ ናቸው። ሚዛን ካለም መዝኑት፤ እውነተኛው ወደ 45 ግራም ይጠጋል።

ለቻርጅ ቲፒ4056 ይበቃል፣ መከላከያ ቺፕ ያለበትን ምረጡ። ቦርዱ ከፋብሪካ ሲመጣ 1.2 ኪሎኦም ሬዚስተር ስላለው 1 አምፔር ይሰጣል። ለአሮጌ ሴል ይህ ይበዛል፤ ሬዚስተሩ በ2 ኪሎኦም ቢተካ ወደ 580 ሚሊአምፔር ይወርዳል። መከላከያው ባትሪውን የሚቆርጠው 2.4 ቮልት ላይ በመሆኑ እንደ መጨረሻ አደጋ መከላከያ እንጂ እንደ መደበኛ ማቆሚያ አይወሰድ። ማቆሚያው ኮዱ ውስጥ ይግባ፦ ባትሪው ከ3.3 በታች ሲሆን ዋይፋይ ሳይነካ ይተኛ።

ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ሳጥን ለሊቲየም አዮን ጥሩ ቦታ አይደለም፤ ከሮቶው ጥላ ሥር ይታሰር፤ ከ45 ዲግሪ በላይ ደግሞ ቻርጅ አይደረግ። ሙቀትን የተሻለ የሚችለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ሲሞላ 3.6፣ አብዛኛውን ጊዜ 3.2 አካባቢ ስለሚቆይ ያለ ሬጉሌተር በቀጥታ 3.3 ቮልቱ እግር ላይ ይገባል። ለዚህ ዓይነቱ ባትሪ ቲፒ4056 ክልክል ነው፤ ወደ 4.2 ይገፋዋል። ቲፒ5000 በ3.6 ተስተካክሎ ይሠራል።

የአልትራሳውንድ ሴንሰሩ ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ሥራ ፈትቶም ወደ 5 ሚሊአምፔር ስለሚበላ የተረፈውን ሁሉ መልሶ ያበላሸዋል። ከ3 ቮልት ጀምሮ የሚሠራውን ስሪት መርጦ ኤኦ3401 ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ) በመካከል ማስገባት ነው፤ ጌቱ (መቆጣጠሪያ እግሩ) በ100 ኪሎኦም ወደ ሶርሱ (ኃይል መግቢያው) ይታሰር፣ ኢኤስፒ32 ሲተኛ እንዲዘጋ። ሞስፌቱን ከባትሪው በቀጥታ አታገናኙት። ሶርሱ 4.2 ሆኖ ጌቱ 3.3 ብቻ ከደረሰ የ0.9 ቮልት ልዩነት ይቀራል፣ ሞስፌቱም በከፊል ክፍት ሆኖ ያፈሳል። ከሬጉሌተሩ 3.3 መውጫ ከተገናኘ በደንብ ይዘጋል።

የባትሪውን ቮልቴጅ ለማንበብ ሁለት 1 ሜጋኦም ሬዚስተሮች ይበቃሉ፤ ወጪያቸው 2 ማይክሮአምፔር ነው። መካከሉ ላይ 100 ናኖፋራድ ካልተጨመረ ንባቡ ይዋልላል። እግር 34ን ተጠቀሙ፤ ኤዲሲ2 (ቮልቴጅ ከሚያነቡት ሁለት ክፍሎች አንዱ) ላይ ያሉት እግሮች ዋይፋይ ሲበራ አይነበቡም።

የእንቅልፉን ፍሰት ስትለኩ ቴስተሩን ማይክሮአምፔር ላይ አድርጋችሁ ባትሪው መሥመር ውስጥ ካስገባችሁት ቦርዱ አይነሳም፤ የቴስተሩ ውስጣዊ ሬዚስተር ዋይፋዩ የሚፈልገውን አያሳልፍም። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኝታችሁ ቦርዱን አስነሱት፤ ሲተኛ ሽቦውን ንቀሉ፤ ከመንቃቱ በፊት መልሱት። የሚጠበቀው 70 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነው። ጥቂት ሚሊአምፔር ካሳየ ሴንሰሩ ወይም አንድ መብራት አልተቆረጠም ማለት ነው።

ኮዱ ውስጥ ትልቁ አደጋ ራውተሩን የሚጠብቀው መስመር ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል፤ ኢኤስፒ32 ያለ ገደብ ከጠበቀ ሙሉ ባትሪ በ17 ሰዓት ያልቃል። ከ8 ሰከንድ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ይተኛ፤ ሦስት ጊዜ ካልተሳካለት እንቅልፉን ወደ 1 ሰዓት ያርዝም። ያልተሳኩትን ሙከራዎች የሚቆጥረው ቁጥር ዲፕ ስሊፕ እንዳያጠፋው አርቲሲ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥ።

ቀጣዩ ሙከራ ዋይፋዩን በኢኤስፒ-ናው (ሁለት ኢኤስፒ32 ያለ ራውተር በቀጥታ የሚነጋገሩበት ዘዴ) መተካት ነው፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የበራ ሌላ ኢኤስፒ32 ተቀባይ ይሆናል። ከራውተር ጋር መገናኘት ስለሚቀር ንቃቱ ወደ 0.4 ሰከንድ ቢወርድ የቀኑ የሥራ ወጪ ከ12.8 ወደ 1.3 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። ያኔ ኤፒ2112ኬ በእንቅልፍ የሚበላው ከሥራው ጋር እኩል ስለሚመጣ የሬጉሌተሩ ምርጫ ይገለበጣል፤ ኤምሲፒ1700 ከ470 ማይክሮፋራዱ ጋር ተራው ይደርሰዋል።