ዳገቱን ወጥታ ሜዳ ላይ የቆመች ስኩተር

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ አንዴ ሸለብ አድርጎህ ስትነቃ ደርሰሃል። እኔ በስኩተሬ አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

ማታውኑ ቤንዚን ተሰልፌ እስከ አፉ ሞልቻለሁ። የታንከሩ ክዳን ጎማ ተበልቶ ስለነበር ቤንዚኑ ሱሪዬ ላይ እየተረጨ አስቸገረኝ። ፌስታል አጣጥፌ ከክዳኑ ስር አደረግኩና ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት። በራሴ ብልሃት ኮርቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ተነሳሁ። ድሬ ገና አልጋለችም። የፈራሁት የደንገጎን ዳገት ነበር። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደንገጎ አናቱ ላይ ከ2,000 ያልፋል። ለአንዲት ትንሽ ሞተር ቀላል አይደለም። ከባድ መኪኖቹ እያቃሰቱ ይወጣሉ፣ እኔ ከኋላቸው ጭስ እየጠጣሁ እጠማዘዛለሁ። ስኩተሯ ግን አንዴም አላጉረመረመችም። ከላይ ስደርስ ብርዱ ጃኬት አስለበሰኝ።

በቁልቢ በኩል የሚመጣው የአዲስ አበባ መንገድ የሚገናኝበትን መገንጠያ አልፌ፣ ወደ አዴሌ በሚወስደው ሜዳ ላይ መንተባተብ ጀመረች። ቤንዚን ብሰጣት አትሰማም። ቀጥ አለች። ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ሜዳ ላይ!

ሞተር አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ቤንዚን ነው። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ፌስታሏን አነሳሁ፣ አየሁ። ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ፌስታሏን በጥንቃቄ መልሼ ዘጋሁ። ቀጥሎ ማጥፊያውን አየሁ፤ በስህተት ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ይዤ ስታርተሩን ተጫንኩ፤ የእኔዋ ፍሬን ካልያዙላት አትነሳም፣ በዚህ ስንቱ ጋራዥ ድረስ ገፍቶ ሄዷል። ሞተሩ ይዞራል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው። ቀረ ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው።

መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ እናት በርጩማ አቀበሉኝ። ካንዴላውን ስፈታው ጥላሸት መስሏል። የሽቦው ካፕ ላይ መልሼ ሰካሁት፣ ብረቱን ከሞተሩ አስነክቼ ስታርተሩን ተጫንኩ። ብልጭታ አለ። (ይሄን ስታደርጉ ከቤንዚን ራቅ በሉ።) ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቦራተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይሰጣል፤ ቤንዚኑ ሲበዛ ካንዴላ ይጠቁራል። ይህን ሁሉ ለእናትየው አስረዳኋቸው፣ ፕሮፌሰር ሆኜ። በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ ገጠምኩት። አንዴ ስነካት ተነሳች።

«ካንዴላው ነበር» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሐረማያን እንዳለፍኩ ደግማ ቆመች። ክዳን ከፈትኩ፣ ፌስታል አነሳሁ፣ አየሁ፣ ዘጋሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ ቆመልኝና እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ «አቦ ግላ እኮ ነው፣ አሳርፋት» አለኝ። ሃያ ደቂቃ አሳረፍናት። ተነሳች። ልጁ እንደ ሐኪም ጎምለል ብሎ ሄደ።

ሦስተኛው ሐረር መግቢያ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ተናድጄ ምንም ሳልነካካ ገፋኋት። ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ጠባብ ጋራዥ አገኘሁ። መካኒኩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ናቸው፤ ገና በጠዋቱ ጉንጫቸውን በጫት ወጥረዋል። ስኩተሯን ትተው እኔን መመርመር ጀመሩ።

«ስትቆምብህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ቤንዚን አያለሁ፣ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«መጀመሪያ ካንዴላ ጠረግኩ፣ ቀጥሎ አሳረፍኳት።»

«አሁንስ ቤንዚኑን አየህ?»

«አላየሁም።»

«እንዳትነካው!»

የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቦራተሩ ነቅለው የተቆረጠ ሃይላንድ ስር አደረጉ። ጠብ፣ ጠብ አለና ቆመ። «አሁን ክፈት» አሉኝ። ክዳኑን ሳላላው ፉሽሽ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ቤንዚኑ ሃይላንዱ ውስጥ ወረደ። ፌስታሌን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ለረዳቶቻቸው አሳዩ። አንደኛው መፍቻውን ጥሎ ሳቀ።

ክዳኑ ላይ መርፌ የምታክል የአየር ቀዳዳ አለች። ቤንዚን ሲወጣ በሱ ፋንታ አየር መግባት አለበት፣ እኔ ደፍኛታለሁ። የዘይት ቆርቆሮ በአንድ በኩል ብቻ ሲበሳ እንደሚንጠባጠበው መሆኑ ነው። ስለዚህ ያዳናት ካንዴላውም እረፍቱም አልነበረም። ቤንዚን ለማየት ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ራሴ አድኛታለሁ፤ ፌስታሏን በመለስኩ ቁጥር ደግሞ ራሴ አሳምሜያታለሁ።

ዳገቱን ለምን እንደወጣች የገባኝ በኋላ ነው። ታንከሩ ውስጥ የዘጋሁት የድሬን አየር ነው። ወደ ላይ ስወጣ የውጪው ሲሳሳ የውስጡ ቤንዚኑን ይገፋላት ነበር። ሜዳው ላይ ግን ገፊ አጣች።

ጋሼ ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛው ላስቲክ) ቀለበት ቆርጠው ክዳኑ ላይ አለበሱልኝ። «ቤንዚን ይበላዋል፣ ድሬ ስትገባ ኦሪጅናሉን ግዛ» አሉ። የጠየቁኝ 50 ብር ብቻ ነው።

በቀረችኝ ሰዓት ጀጎል ገባሁ። መኪና ግርግር በሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪኖቹ ይንደቀደቃሉ፤ አንዱም አልቆመም። ትንሽ ቀናሁባቸው። ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ።

ከደንገጎ በፊት የሻይ ሻጯ እናት ጋ ቆምኩ። ሲያዩኝ በርጩማውን አንስተው መጡ።

«ደግሞ ካንዴላው?»

«አይ እናቴ፣ ሻይ ፈልጌ ነው» አልኳቸው። ስለ ፌስታሉ አልነገርኳቸውም።